አዲሱ ስልክ ቢበላሽ፦ የገዢው መብትና አራቱ ሰዓቶች

እስካሁን ስለ አማርኛ ኪቦርድ፣ ስለ ፎንትና ስለ አፕ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ እነዚህ ሁሉ የሚሠሩበትን ዕቃ፣ ስልኩን ራሱን እናነሣለን። ጥያቄው አጭር ነው፦ አዲስ የገዛችሁት ስልክ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ቢበላሽ ምን መብት አላችሁ? የምኖረው ሚኒያፖሊስ ስለሆነ መሠረት የማደርገው የሚኔሶታን ሕግ ነው፤ አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ክፍል አለ። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ቢሆንም ሕግ እንደማንኛውም ዶክመንቴሽን ቁጭ ብለው ቢያነቡት የሚገባ ነገር ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ 14 ቀን። የሱቁ ሠራተኛ «14 ቀን አልፏል» ካለ ነገሩ ያከተመ ይመስለናል፤ 700 ወይም 800 ዶላር የወጣበት ስልክም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በእርግጥ ግን የሚቆጥሩት ሰዓቶች አራት ናቸው፦ የሱቁ፣ የአምራቹ፣ የሕጉና የክሬዲት ካርዱ። እያንዳንዱ የራሱ መነሻና የራሱ ማብቂያ አለው። የመጀመሪያው ሲያበቃ ሌሎቹ ሦስቱ ገና እየቆጠሩ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው የሚነግራችሁ ግን በአብዛኛው የራሱን ሱቅ ሰዓት ብቻ ነው።

በቅድሚያ ብልሽቱን እንለይ

ሕጉን ከመጥቀስ በፊት የያዛችሁት ነገር በእርግጥ ብልሽት መሆኑን አረጋግጡ። የወደቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውሃ የገባበት ስልክ በተለመደው ዋስትና አይሸፈንም። የእኛ ከተማ ክረምትም የራሱ ጣጣ አለው። አፕል ለአይፎን የሚመክረው የአጠቃቀም ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ቆማችሁ ባቡር ስትጠብቁ ስልኩ ድንገት ቢጠፋ፣ ያ የሊቲየም ባትሪ ባሕርይ እንጂ የግድ ጉድለት አይደለም። ቤት ውስጥ፣ በሞቀ ክፍል፣ ያው ነገር ሲደገም ነው ጉዳዩ የሚጀምረው።

ቀጥሎ ሶፍትዌሩን ከሃርድዌሩ ለዩ። አንድሮይድ ከሆነ በሴፍ ሞድ አስነሡት፤ በዚያ ሁኔታ ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ከጫናችሁት አፕ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከቀጠለ ዳታችሁን ባክአፕ አድርጉና ፋክተሪ ሪሴት ሞክሩ። ሳምሰንግ ላይ በመደወያው *#0*# ስትጽፉ በብዙ ሞዴሎች ስክሪኑን፣ ድምፁንና ሴንሰሮቹን የሚፈትሽ ገጽ ይከፈታል። ምንም አፕ ሳይጫንበት፣ ከሪሴት በኋላም ያው ችግር ከተደገመ አሳማኝ ማስረጃ ይዛችኋል። ስትሞክሩ በቪዲዮ ቅዱት፤ ቀኑን፣ የሶፍትዌሩን ቨርዥንና የቢልድ ቁጥሩን መዝግቡ። *#06# ስትደውሉ የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥርም አብራችሁ ጻፉ። ባግ ሪፖርት ጽፋችሁ የምታውቁ ይህ ሥራ አዲስ አይሆንባችሁም፦ ምን አደረግሁ፣ ምን መሆን ነበረበት፣ ምን ሆነ።

ሰዓት አንድ፦ የሱቁ ፖሊሲ

በአሜሪካ «ከሱቅ የገዛችሁትን ዕቃ ሐሳባችሁን ስለቀየራችሁ ብቻ መመለስ ትችላላችሁ» የሚል አጠቃላይ የፌደራል ሕግ የለም። 14 ቀን የሚባለው የሱቁ የራሱ ደንብ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሪችፊልድ የሆነው ቤስት ባይ አክቲቬት ለሚደረጉ ስልኮች የሚሰጠው 14 ቀን ነው፤ አፕልም እንዲሁ። የቴሌኮም ኩባንያዎቹ ደንብ ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ስልኩ ሲመለስ የመመለሻ ክፍያ ይቆርጣሉ።

ሚኔሶታ ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምራለች። በሕግ ቁጥር 325ኤፍ.80 መሠረት፣ ሻጭ ገንዘብ መመለስን መገደብ ከፈለገ ደንቡን በግልጽ፣ ቢያንስ በ14 ነጥብ ደማቅ ፊደል ጽፎ ማሳየት አለበት። ያልተጻፈ ደንብ በቃል ብቻ ቢነገራችሁ «የት ነው የተጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰዓት በዋናነት የተሠራው ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ ነው። ቀለሙን ያልወደደውና የማይነሣ ስልክ የያዘው ሰው በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ በሕግ ፊት ግን አንድ አይደሉም።

ሰዓት ሁለት፦ የአምራቹ ዋስትና

አፕል፣ ሳምሰንግና ጉግል በአሜሪካ ለሚሸጧቸው አዳዲስ ስልኮች የአንድ ዓመት የጽሑፍ ዋስትና ይሰጣሉ። ይህ የሱቁ ሳይሆን የአምራቹ ቃል ስለሆነ የሱቁ 14 ቀን ቢያልፍም አይነካውም።

እንዲህ ያለውን ዋስትና የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ማግነሰን-ሞስ የተባለው የፌደራል ሕግ ነው። ከሕጉ ሁለት ነጥብ ያዙ። አንደኛ፣ አምራቹ ለጥገናው ወይም ለመለዋወጫው በነጻ እስካላቀረበ ድረስ «የእኔን መለዋወጫ ካልተጠቀምክ፣ እኔ ጋ ካላስጠገንክ ዋስትናህ ይሰረዛል» ማለት አይችልም። ስለዚህ ስክሪናችሁን ሌክ ስትሪት ላይ ባለ ትንሽ ጥገና ቤት ስላስቀየራችሁ ብቻ፣ ከዚያ ጋር ግንኙነት የሌለው የማይክሮፎን ብልሽት ዋስትና አያጣም። ጠጋኙ ራሱ ያበላሸው ነገር ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። «ይህ ከተነሣ ዋስትናው ይሰረዛል» የሚሉትን ተለጣፊ ወረቀቶች በተመለከተ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ለስድስት ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። ሁለተኛ፣ የጽሑፍ ዋስትና የሰጠ ኩባንያ ቀጥሎ የማነሣውን የሕግ ዋስትና ጨርሶ መሰረዝ አይችልም፤ ቢበዛ ዘመኑን ከራሱ ዋስትና ዘመን ጋር እኩል ማድረግ ነው የሚችለው።

ለአገር ቤት ዘመድ ስልክ የምትልኩ ደግሞ ይህን አስቡ፦ አፕል የአይፎንን የዋስትና አገልግሎት ስልኩ በተሸጠበት አገር ብቻ ሊወስን እንደሚችል በዋስትናው ላይ ጽፏል። ስለዚህ ስልኩን ገዝታችሁ በማግስቱ ከመላክ ይልቅ ሁለት ሳምንት እዚሁ ብትሞክሩት ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ፣ ከአይፎን 14 አንሥቶ፣ በአሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም። ይህ ጉድለት ሳይሆን አሠራር ነው፤ ኋላ «አይሠራም» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ሰዓት ሦስት፦ ሕጉ ራሱ የሚሰጠው ዋስትና

ብዙ ሰው ከነመኖሩም የማያውቀው ይህን ነው። በእንግሊዝኛ ኢምፕላይድ ዋራንቲ ይባላል፤ ማንም ሳይጽፈው፣ ማንም ሳይናገረው፣ ሽያጩ ሲፈጸም ሕጉ በራሱ የሚያስገባው ዋስትና ነው። ፕሮግራመሮች እንደ ዲፎልት ቫልዩ ቁጠሩት፦ ሌላ ነገር በግልጽ ካልተጻፈበት በቀር አለ።

የሚኔሶታ ሕግ 336.2-314 ስልክ መሸጥ ሥራው የሆነ ነጋዴ የሚሸጠው ስልክ ለተለመደው አገልግሎት ብቁ መሆን አለበት ይላል። ስልክ መደወል፣ ቻርጅ መቀበል፣ ኔትወርክ መያዝ አለበት። 325ጂ.18 ደግሞ ለተራ ሸማች የሚሸጥ አዲስ ዕቃን ይመለከታል። ሻጩ ከዚህ ዋስትና ማምለጥ የሚችለው ዕቃው «አዝ ኢዝ»፣ ማለትም እንዳለ ከነጉድለቱ፣ መሸጡንና ኃላፊነቱ የገዢው መሆኑን በግልጽ ቃል በጽሑፍ ካሳወቀ ብቻ ነው። ደረሰኛችሁን አገላብጡት፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለበት ዋስትናው አለ ማለት ነው።

ይህ ሰዓት ረጅም ነው። በ336.2-725 መሠረት ክስ ማቅረብ የሚቻለው ዕቃውን ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ነው፤ ውል ሊያሳጥረው ይችላል፣ ከአንድ ዓመት በታች ግን አይወርድም። ይህ ማለት ግን ስልኩ አራት ዓመት ሳይበላሽ ይኑር ማለት አይደለም። ጉድለቱ ስትረከቡት አብሮት የነበረ መሆኑን ማሳየት አለባችሁ። በሦስተኛው ሳምንት የሞተ ስልክ ይህን ለማሳየት ይቀላል፤ በሦስተኛው ዓመት የሞተ ይከብዳል። ከዚህም ሌላ፣ ጉድለቱን ባያችሁ በተገቢው ጊዜ ውስጥ ለሻጩ ካላሳወቃችሁ መብታችሁ ይቀራል።

ባለፈው ዓመት የጓደኛዬ እናት ሴንት ፖል ውስጥ ከአንድ ሱቅ የገዙት ስልክ በ19ኛው ቀን ቻርጅ መቀበል አቆመ። ሱቁ የሰጣቸው መልስ ያው የተለመደው ነበር።

«ልጄ፣ 14 ቀን አልፏል አሉኝ። ገንዘቤ ቀለጠ ማለት ነው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ደረሰኙ አለ?»

«አለ እንጂ! ምን የምጥለው ወረቀት አለ።»

ሦስት ቻርጀር ቀያይረን ሞከርን፤ ሪሴት አደረግነው፤ ቀዳዳውን በባትሪ አብርተን አየን፤ ቪዲዮ ቀዳን። ከዚያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍንና እሳቸው ፈርመው ለሱቁ ሥራ አስኪያጅ ሰጡ። ደብዳቤው ስለ 14 ቀኑ አንድም ቃል አልነበረበትም። የተናገረው ስለ ጉድለቱና ስለ ሁለቱ የሕግ ቁጥሮች ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ስልኩ ተቀየረላቸው። ሁሌ እንዲህ ይቀላል ማለቴ አይደለም። ሠራተኛው ሲመልስ የነበረው «ሐሳቤን ቀየርሁ» ለሚል ገዢ የሚሰጠውን መልስ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ሌላ ጥያቄ አቀረበ።

ሰዓት አራት፦ ክሬዲት ካርዱ

በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌደራል የክሬዲት ሒሳብ ሕግ ሌላ በር ይከፍታል። የሒሳብ ስሕተት ሲኖር፣ ለምሳሌ ያልደረሳችሁ ወይም በስምምነቱ መሠረት ያልቀረበ ዕቃ ከተከፈለበት፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከላችሁ ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ። ከዚህ የተለየ መብትም አለ፦ ዕቃው ከ50 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ግዢው በምትኖሩበት ስቴት ውስጥ ወይም ከአድራሻችሁ በ100 ማይል ርቀት ውስጥ ከተፈጸመ፣ ከሻጩ ጋር ለመስማማትም በቅን ልቦና ከሞከራችሁ፣ ገና ያልከፈላችሁትን ቀሪ ሒሳብ ለመክፈል እምቢ ማለት ትችላላችሁ። ዴቢት ካርድና ጥሬ ገንዘብ ይህ ጥበቃ የላቸውም። ለውድ ዕቃ በክሬዲት ካርድ መክፈል የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አማርኛ የማያሳይ ስልክ ብልሹ ነው?

እኛን በተለይ የሚመለከተው ጥያቄ ይህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቨርዥን ነው። ጉግል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባል ፎንት በነጻ ያቀርባል፤ የጉግል ኪቦርድም አማርኛ ይጽፋል። ታዲያ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን የሚደረድር ስልክ ቢያጋጥማችሁ በሕግ ጉድለት ነው?

መልሱ ከመግዛታችሁ በፊት በተባባላችሁት ነገር ላይ ይወሰናል። ምንም ካልተባለ ክርክሩ ከባድ ነው፤ ዳኛ «ለተለመደው አገልግሎት ብቁ ነው» ሊል ይችላል። ካርቶኑ ወይም ማስታወቂያው «አማርኛ ይደግፋል» ካለ ግን 336.2-313 እንደ ግልጽ ዋስትና ይቆጥረዋል። ለሻጩ «የምፈልገው አማርኛ ለማንበብና ለመጻፍ፣ ኢትዮጵያ ስሄድም ልጠቀምበት ነው፤ የትኛው ይሆነኛል?» ብላችሁ እሱ መርጦ ከሰጣችሁ ደግሞ 336.2-315 ለተለየ ዓላማ ብቁ የመሆን ዋስትና ይሰጣችኋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ በሱቁ የጽሑፍ ቻት ወይም በኢሜይል ጠይቁና መልሱን ስክሪንሾት አንሡ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ!

አፕዴት ያበላሸው ስልክስ? ስትረከቡት ደኅና ስለነበረ የሕጉን ዋስትና ማንሣት ይከብዳል፤ ዋናው መንገድ የአምራቹ ዋስትና ነው። ጉዳዩ ሲሰፋ ግን በሌላ መንገድም ይታያል። አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በአፕዴት እንደሚያዘገይ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ካመነ በኋላ፣ በቡድን የቀረበበትን ክስ ለመዝጋት በ2020 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ስልኩ አደገኛ ሆኖ በይፋ ከተጠራ ደግሞ ከነዚህ ሰዓቶች ውጭ የሆነ መፍትሔ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባትሪው እየጋለ እሳት ያስነሣ የነበረው ጋላክሲ ኖት 7 ሲጠራ፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 1.9 ሚሊዮን ስልክ ይመለከት ነበር፤ ገዢዎችም ሌላ ስልክ ወይም ገንዘባቸውን ማግኘት ችለዋል።

ደብዳቤው እንዴት ይጻፍ?

ይህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱትና በራሳችሁ ጉዳይ ሙሉት፦

«በዚህ ቀን ከሱቃችሁ አዲስ ስልክ በዚህ ዋጋ ገዛሁ። ደረሰኙና የአይኤምኢአይ ቁጥሩ ተያይዘዋል። ከዚህ ቀን ጀምሮ ስልኩ 40 በመቶ ባትሪ እያለው ይጠፋል። ፋክተሪ ሪሴት ካደረግሁ በኋላ ሦስት ጊዜ ተደግሟል፤ ቪዲዮው ተያይዟል። አልወደቀም፤ ውሃም አልነካውም። በሚኔሶታ ሕግ 325ጂ.18 እና 336.2-314 መሠረት ስልኩ ለተለመደው አገልግሎት ብቁ መሆን ነበረበት። እስከዚህ ቀን ድረስ እንድትቀይሩልኝ ወይም ታክሱን ጨምሮ ገንዘቤን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።»

ስድብም፣ ማስፈራሪያም አያስፈልገውም። ቅጂ አስቀሩ፤ በኢሜይል ወይም በሪኮማንዴ ላኩት። እስኪመልሱላችሁ ስልኩን አትክፈቱት፤ በተቻለ መጠንም አትጠቀሙበት።

እምቢ ቢሉስ?

ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው ሴንት ፖል የሚገኘው የሚኔሶታ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው። አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አያስከፍልም። ቢሮው የግል ጠበቃችሁ አይሆንም፤ ነገር ግን ቅሬታውን ይዞ ኩባንያውን ሊያነጋግር ይችላል።

ሁለተኛው ኮንሲሊየሽን ኮርት የሚባለው የአነስተኛ ክርክሮች ችሎት ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር ያያል፤ ከዚያ በፊት ጣሪያው 15,000 ነበር። ሱቁ ሚኒያፖሊስ፣ ብሉሚንግተን ወይም ሪችፊልድ ከሆነ ሄነፒን ካውንቲ፣ ሴንት ፖል ወይም ሮዝቪል ከሆነ ራምዚ ካውንቲ ነው የሚኬደው። ችሎቱ ሰው ያለ ጠበቃ ራሱን ችሎ እንዲቆምበት የተሠራ ነው። ለማመልከት ክፍያ አለ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ክፍያው እንዲቀርላቸው መጠየቅ ይችላሉ። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል። ስታመለክቱ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብላችሁ አስመዝግቡ፤ ልጅ ወይም ጎረቤት ይዞ መሄድ ግዴታ አይደለም።

ዋስትናው ሁሉ ካለቀ በኋላም ሚኔሶታ አንድ ሌላ መብት ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቶ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዲጂታል ጥገና መብት ሕግ፣ ቁጥር 325ኢ.72፣ አምራቾች መለዋወጫ፣ መሣሪያና የጥገና መመሪያ ለገዢውና ለገለልተኛ ጠጋኞች በተገቢ ዋጋ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ወዲህ የተሸጡ ስልኮችን ይመለከታል። ጥገናውን ነጻ አያደርገውም፤ ጠጋኙን የመምረጥ ነጻነት ግን ይሰጣችኋል።

አገር ቤትስ?

በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ዘርዝሯል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፉ ብቻ ሕጉን አይሽረውም። እዚያም ቢሆን ቁልፉ ደረሰኝ ነው፤ ያለ ደረሰኝ በተገዛ ስልክ ሸማቹ ማን ሸጠልኝ ብሎ ይከራከራል?

ከግለሰብ ለሚገዛ ያገለገለ ስልክ ደግሞ አንድ ቃል፦ የ336.2-314 ዋስትና የሚመለከተው ነጋዴን ነው። በኦንላይን ገበያ ከማታውቁት ሰው ስትገዙ ያ ጥበቃ አብሯችሁ የለም። ስለዚህ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት የአይኤምኢአይ ቁጥሩን አጣሩ፤ የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ መውጣቱንም አረጋግጡ።

ለዛሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ አንድ ነገር አድርጉ። የሱቅ ደረሰኞች አብዛኞቹ ሙቀት በሚነካው ወረቀት ላይ ስለሚታተሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደበዝዛሉ። ከአራቱ ሰዓቶች አንዱ አራት ዓመት ይቆጥራል፤ ወረቀቱ ግን ያን ያህል አይቆይም። ዛሬ ማታ ደረሰኙንና ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት።